ውሃው የት ገባ

አባቴ መኪናዋን «እሷ» ይላታል። እናቴንም «እሷ» ይላታል። «እሷ ዛሬ ደክሟታል» ሲለን የትኛዋን ማለቱ እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጥያቄ መጨመር ግዴታ ነው። እኛ ልጆቹ ጥያቄ መጨመር ሰልችቶን የተውንበት ሰሞን ነው ይህ ሁሉ የሆነው።

መኪናዋ ትንሽ ነጭ መኪና ናት። ግቢያችን የገባችው እኔ አምስተኛ ክፍል እያለሁ ነው። ዛሬ እኔ ዩኒቨርሲቲው ውስጥ የቤተ ሙከራ ባለሙያ ሆኜ ከተቀጠርኩ አሥር ዓመት አልፎኛል፤ እሷ እዚያው ማንጎው ሥር ናት። አባቴ ሐዋሳ ፒያሳ የጨርቅ ሱቅ ነበረው። በወጣትነቱ ከጉራጌ አገር ለንግድ መጥቶ፣ ከከተማው ወጣ ብላ ካለችው ከቱላ ልጅ አግብቶ፣ እዚሁ ሐዋሳ ቀረ። ጉልበቱ ሲደክም ሱቁን ለታላቅ ወንድሜ አስረከበና አንዲት ሥራ ብቻ ለራሱ አስቀረ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ እናቴን ቱላ ወስዶ መመለስ። ቱላ የእናቴ እህቶች አሉ፤ ከወላጆቿ የደረሳት የእንሰት ጓሮም አለ።

ቤት ውስጥ አባቴ ብዙ አያወራም። ሬዲዮኑን ይከፍታል፣ ከሬዲዮኑ ጋር አብሮ ይቆዝማል፣ «እሺ» እና «ተይው» በሚሉ ሁለት ቃላት ሳምንቱን ይጨርሳል። መሪ ሲይዝ ግን ሌላ ሰው ነው። ስለ ልጅነቱ፣ ስለ ድሮ ደንበኞቹ፣ ሐይቅ ዳር ሆቴል ሳይበዛበት ምን ይመስል እንደነበር፣ እኛ ሰምተነው የማናውቀውን ሁሉ ለእናቴ የሚያወራላት ቱላ መንገድ ላይ ነው። አንድ ጊዜ ለምን በሚኒባስ እንደማትሄድ ብጠይቃት «ባሌን የማገኘው ቅዳሜ ነው» አለችኝ። ቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ።

መኪናዋ እያረጀች ስትመጣ ግን ቅዳሜው የእኔም ጣጣ ሆነ። መንገድ ላይ በቆመች ቁጥር የሚደወለው ለእኔ ነው። ቁጡ ነኝ። ቁጣዬ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ይሄዳል፤ ሲሄድ ግን የተናገርኩትን ይዞልኝ አይሄድም። አንድ ቀን የፍሪሲዮን ገመድ በጥሳ አስፋልት ዳር ስትጥላቸው ሥራዬን ትቼ ደረስኩና፣ ቆሜ ጮህኩ፦ «ከእንግዲህ አንዴ ጋራዥ ብትገባ ትሸጣለች! በቃ!» ወንድሜም በስልክ ተስማማ። አባቴ «እሺ» አለ። እናቴ ዘንቢሏን አቀፈች።

ይህን ካልኩ በኋላ መኪናዋ አርፋ ተቀመጠች። ለወራት አንድ ችግር አልተሰማም። እኔም «አየህ፣ አንዳንዴ መቆጣት ያስፈልጋል» ብዬ ወንድሜ ላይ ተኩራርቻለሁ። ከዚያ መጋቢት ላይ፣ ከቱላ ሲመለሱ፣ አባቴ ባዶ መንገድ መሃል ፍሬኑን ሲጥ አድርጎ ያዘው። ከኋላ የነበረው ባጃጅ ሄዶ ተለጠፈ። እግዚአብሔር ይመስገን የባጃጁ መብራት ከመሰበሩ በስተቀር ማንም አልተጎዳም። እኔና ወንድሜ ስንደርስ ሰው ከቧቸዋል፤ አባቴ ከመኪናዋ ወርዶ ባጃጅ ነጂውን ይቅርታ ይጠይቃል፤ እናቴ ከወንበሯ አልወረደችም።

«ምን ሆነህ ነው?» አለው ወንድሜ።

«መስታወቱ አልቦት ነበር» አለ አባቴ። «ደግሞ እሷ ‹ዋ!› ስትለኝ ቆምኩ።»

ጠብ የምትል ዝናብ በሌለበት፣ በዚያ ሁሉ ሙቀት፣ መስታወት ያልበዋል ማለት ለእኛ ስሜት አልሰጠንም። እናቴን «ምን አይተሽ ነው ‹ዋ!› ያልሽው?» አልኳት። «ምንም» አለችና ዓይኗን መሬት ላይ ተከለች። ወንድሜና እኔ ተያየን። የአባታችን ዓይን ደክሟል፣ ጆሮውም ያልተባለ ይሰማል ብለን ወሰንን። ይህን ለመወሰን የፈጀብን ጊዜ ሻይ ለማፍላት እንኳ አይበቃም። መኪናዋን ወደ ቤት ነድቶ የመለሳት ወንድሜ ነው፤ መስኮቱን ሁሉ ከፍቶ ስለነዳ እሱ አንዳች ነገር አላየም።

ማታውን ሳይሆን በማግስቱ፣ ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ፣ ቁልፉን የጠየቅሁት እኔ ነኝ። ወንድሜ ድፍረቱ አልነበረውም፤ «አንቺ ንገሪው፣ አንቺን ይሰማል» አለኝ። «አባዬ፣ ቁልፉን ስጠኝ፤ ለእናንተው ደኅንነት ነው» አልኩት። ቁልፉን ከኪሱ አወጣ፣ በኮቱ ጫፍ ጠረግ ጠረግ አደረገው፣ መዳፌ ላይ አኖረልኝ። «እሺ» አለ። ይህቺ «እሺ» እስከ ዛሬ ታመኛለች።

ከዚያ በኋላ ያሉትን ሳምንታት ማስታወስ አልወድም። ቅዳሜ ጠዋት አባቴ እናቴን እስከ ታክሲ ማቆሚያው ይሸኛትና ተመልሶ መኪናዋን ያጥባል። የማትሄድ መኪና ምን ያቆሽሻታል? እሱ ግን ጎማዎቿን ሳይቀር ያጥባል። ስትመለስም ማቆሚያው ድረስ ሄዶ ይጠብቃታል፤ ሁለቱም ዝም ብለው ጎን ለጎን እየተራመዱ ይመጣሉ።

እኛም መኪናዋን ለመሸጥ አሰብን። የመጣው ገዢ ነገሩን የሚያውቅ ሰው ነበር። ሞተሩን አስነሳ፣ ኮፈኑን ከፈተ፣ የውሃ መያዣ ፕላስቲኳን ባዶ ሆና አገኛት። «ውሃ ትጠጣለች» አለ። አባቴም አልካደም፤ «ቅዳሜ ቅዳሜ አንድ ሊትር እጨምርላት ነበር» አለ። ሰውየው ግቢውን በዓይኑ ቃኘ፤ መኪናዋ የቆመችበት መሬት ደረቅ ነው። «ታዲያ ውሃው የት ይገባል? ወደ ውጭ ካልፈሰሰ ወደ ሞተሩ ነው» ብሎ ሄደ። ስለዚህ ለመሸጥ መጀመሪያ ማሳከም የግድ ሆነ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ መናኸሪያው ጀርባ ወዳለ ጋራዥ ልወስዳት ተነሳሁ። አባቴ ኮቱን ለብሶ መጣ፤ «ታማሚ ብቻዋን ሐኪም ጋ አትሄድም» አለ። እናቴ ደግሞ ሳትጠራ የፊተኛው ወንበሯ ላይ ዘንቢሏን ታቅፋ ተቀምጣ ጠበቀችን።

መካኒኩ ቀስ ብሎ የሚሠራ፣ ከመናገሩ በፊት አየሩን ሁለት ጊዜ የሚያሸት ወፍራም ሰው ነው። የዘይቱን መለኪያ መዘዘና አየው፤ «ዘይቷ ጥቁር ነው፣ ውሃ ቢገባባት ወተት የነካው ቡና ትመስል ነበር፤ ቴስታታዋ ደህና ነው» አለ። ገዢው የፈራው የሞተሩ ራስ ማለት ነው፤ እሱ ቢሆን ኖሮ ነገር አልቆ ነበር። ከዚያ ማኒኮቶ የሚሏቸውን ውሃ አመላላሽ የጎማ ቱቦዎች አንድ በአንድ ጨመቃቸው። ውሃውን የሚገፋውን ፖምፓ በጣቱ ዳበሰው። ከሥር ካርቶን አነጠፈ። ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀ። ካርቶኑ ላይ ጠብታ የለም።

«አባባ፣ ምን ዓይነት ውሃ ነው የሚጨምሩላት?» አለ የራዲያተሩን ክዳን ከፍቶ። ውስጡ ያለው ውሃ የጡብ ቀለም ይዟል።

«የቧንቧ ውሃ ነዋ፣ እኛም የምንጠጣው እሱን ነው።»

«እርስዎ አይዝጉም አባባ፤ እሷ ትዝጋለች» አለ መካኒኩ። ለራሱ ትንሽ ሳቀ። «ቀዝቃዛ ሆና አትናገርም። በደንብ ትሙቅና እንያት። ቱላ ደርሳችሁ ተመለሱ። አባባ ከፊት ይቀመጡ፣ ድምጿን የሚያውቁት እርስዎ ነዎት።»

እናቴ ተቃወመች። ከፊት ካልሆነ ያዞረኛል አለች። አዙሯት አያውቅም። ቀበቶው ይላላል አለች፣ በሩ በደንብ አይዘጋም አለች። መካኒኩ በሩን ከፍቶ ከዘጋ በኋላ የምትለው ሲያልቅባት ከእግሯ ሥር የታጠፈ ጆንያ አንስታ ዘንቢሏ ውስጥ ወሸቀችና ወደ ኋላ ሄደች። እናቴ ሁሌም ነገር ሰብሳቢ ናት ብዬ አለፍኩት። ተማሪዎቼን በየቀኑ «መጀመሪያ ተመልከቱ፣ ከዚያ ጻፉ» የምል ሰው ነኝ እንግዲህ።

እኔ ነዳሁ፣ አባቴ በሕይወቱ ለመጀመሪያ ጊዜ በእናቴ ወንበር ተቀመጠ። እጆቹን የት እንደሚያኖር ጠፍቶት ጉልበቱ ላይ አጣጠፋቸው። መንገዱ አቧራማ ስለነበር መስኮቱን ዘግተናል። ከተማዋን ለቀን ትንሽ እንደሄድን የመስታወቱ የታችኛው ጠርዝ ነጣ አለ። በእጄ ጠረግሁት። ተመልሶ ነጣ፤ አሁን ግን እስከ ዓይኔ ቁመት። ከፊቴ የነበረው አይሱዙ ጠፋኝ። መኖሩን አውቃለሁ፣ ድምፁን እሰማለሁ፣ ግን የለም። መስኮቱን ከፍቼ አንገቴን ወደ ውጭ አውጥቼ መንዳት ጀመርኩ።

«በበሩ ኪስ ውስጥ ጨርቅ አለ» አለኝ አባቴ፣ በዝግታ።

እጄን ሰደድኩ። አለ። ጥቁር እስኪመስል ድረስ ሲጠርጉበት የኖሩ የሱቅ ብጣሽ ነው። «መስታወቱ አልቦት ነበር» ያለን ሰው ጨርቅ ከጎኑ ይዞ ለወራት ሲጠርግ ከርሟል። ያለንን አንዳችን እንኳ መኪናዋ ውስጥ ገብተን፣ መስኮት ዘግተን ለማየት አልሞከርንም። አባቴ «አላልኩሽም?» አላለኝም። ቢለኝ ይሻለኝ ነበር።

ያን ጊዜ አባቴ ቀኝ እግሩን አነሳ። ጫማውን አየ። ጎንበስ ብሎ ወለሉን ዳበሰና እጁን ቶሎ መለሰ። «ትኩስ ነው» አለ። ዳር ይዤ አቆምኩ። ምንጣፉ ውሃ ጠጥቶ ጨቅይቷል፤ ከዳሽቦርዱ ሥር፣ እናቴ ዘወትር እግሯን ከምታኖርበት በላይ፣ ውሃው ጠብ ጠብ ይላል። እንፋሎቱ ወደ መስታወቱ ይወጣል። ውሃው የሚገባው እዚህ ነበር።

አባቴ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ዞረ። እናቴ የሰው እንሰት ጓሮ በመስኮት ትመለከታለች።

«አንቺ» አላት።

«እ።»

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከገና» አለች እናቴ፣ አሁንም እንሰቱን እያየች።

ከገና ጀምሮ እግሯ ሥር ጆንያ እያነጠፈች፣ ቱላ ስትደርስ እየጨመቀች፣ ሲመለሱ መልሳ እያነጠፈች ኖራለች። ለአባቴም አልነገረችም፤ ብትነግረው መኪናዋን ጋራዥ ያስገባት ነበርና። «ጋራዥ ከገባች ትሸጣለች ያለችው ማን ናት?» አለችኝ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ዞራ እያየችኝ።

«እና ያን ቀን» አለ አባቴ፣ «‹ዋ!› ያልሽኝ ምን አይተሽ ነው?»

«ምን አያለሁ? ዋአ ነው ያልኩት!»

የእናቴ አፍ መፍቻ ሲዳምኛ ነው፤ በሲዳምኛ ውሃ «ዋአ» ይባላል። ያን ቀን ጠብታው በዝቶ ትኩሱ ውሃ ድንገት ቁርጭምጭሚቷ ላይ ፈሰሰና ጮኸች። አባቴ ደግሞ በጭጋግ መሃል መሪ ይዞ የሰማው የአማርኛውን «ዋ!» ነው፤ ተጠንቀቅ፣ ወዮልህ። ሌላ ሰው ቢሆን ምን አየሽ ብሎ ይጠይቅ ይሆናል። አባቴ አቆመ።

«ታዲያ በአማርኛ አትዪም?» አላት።

«ትኩስ ውሃ እግሬን እያቃጠለኝ በአማርኛ ልጩህ?» አለች እናቴ። «አንተስ፣ አርባ ምናምን ዓመት የሲዳማ ልጅ አግብተህ ውሃን አታውቅም?»

«ውሃን አውቃለሁ። አንቺ ‹ዋ!› ስትዪኝ መቆምን ደግሞ ከዚያ አስቀድሜ ነው የለመድኩት» አለ አባቴ።

ሳቅ መጣብኝ፤ ከሳቁ ኋላ ደግሞ እንባዬ መጣ፤ ሁለቱንም በዚያ ጥቁር ጨርቅ ጠረግኳቸው። ከዚያ «እማዬ፣ ቁልፉን ስወስድበት ለምን ዝም አልሽ?» አልኳት። «ብናገር መኪናዋ ትሸጣለች። ዝም ብል እሱ ከመሪው ይወርዳል፣ መኪናዋ ግን ትቆያለች። መኪናዋ ካለች አንድ ቀን ትራሩለታላችሁ ብዬ ነው» አለች። «ልትሸጧት ነው ሲባል ልናገር ነበር። አፈርኩ።»

አባቴ በሩን ከፍቶ ወረደ። የኋላውን በር ከፈተና አስፋልቱ ዳር፣ በዚያ ጉልበቱ፣ ቁጢጥ አለ። የእናቴን ጫማ አወለቀ። ቁርጭምጭሚቷ ላይ የልጅ መዳፍ የሚያህል የቃጠሎ ጠባሳ አለ፤ ረጅም ቀሚስ ስለምትለብስ ማናችንም አላየነውም። አባቴ ጠባሳውን በአውራ ጣቱ ነካ አደረገው። «በገላሽ መኪና ታቆያለሽ?» አላት። እናቴ «ተነስ፣ ሰው ያያል» አለችው፤ እግሯን ግን አልሰበሰበችም። እኔ መሪ ላይ ተቀምጬ ወደ ፊት አየሁ። እንደዚያን ቀን አፍሬ አላውቅም፤ እንደዚያን ቀንም ሁለቱን ወድጃቸው አላውቅም።

ውሃ ለምነን ሞልተን፣ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተን፣ በቀስታ ወደ ጋራዡ ተመለስን። መካኒኩ እርጥቡን ምንጣፍ ሲያይ ሁለት ጊዜ አሽትቶ ራሱን ነቀነቀ። ከዳሽቦርዱ ሥር ለማሞቂያ የምታገለግል ትንሽ ራዲያተር አለች፤ ከሞተሩ ትኩስ ውሃ ይገባባታል፣ ነፋስ ያልፍባታል፣ በብርድ አገር የሰው እግር ታሞቃለች። የቧንቧው ውሃ እሷን ቀስ በቀስ በዝገት በልቷታል። «ሐዋሳ ላይ ማሞቂያ ለማን ነው?» አለ መካኒኩ። ወደ እሷ የሚሄደውንና የሚመለሰውን ቱቦ ከሞተሩ በኩል ነቀለ፤ ሁለቱን በአንድ አጭር የብረት ቧንቧ እርስ በርስ አጋጠመና በማጥበቂያ ቀለበት ጠፍሮ አሰረ። ውሃው ከእንግዲህ ወደ ሰው እግር ሳይሻገር እዚያው ተጠማዝዞ ይመለሳል። የዛገውን ውሃ አፍስሶ፣ እስኪጠራ አጥቦ፣ ዝገት የሚከላከለውን አረንጓዴ ፈሳሽ ቀላቅሎ ሞላ። ክዳኑን ሳይዘጋ ሞተሩን አስነስቶ ቱቦዎቹን እየጨመቀ አየሩን አስወጣ፤ አረፋው ሲቆም ዘጋው። ምንጣፉን ፀሐይ ላይ ዘረጋነው። እናቴ ጆንያዋን ከዘንቢሏ አውጥታ አጠገቡ አሰጣችው፣ እንደ ልብስ።

ለወንድሜ ደውዬ ሁሉንም ነገርኩት። «ቁልፉን አንቺ ስጪው» አለ። መቀበሉም መመለሱም ለእኔ የተተወ ሥራ ሆነ።

ቁልፉን ዘረጋሁለት። አባቴ አልተቀበለኝም። አየኝ።

«መውሰድሽ አልከፋኝም» አለኝ። «ልጅ ለወላጁ ይፈራል። ‹አባዬ፣ ምን አየህ?› ብለሽ አልጠየቅሽኝም፤ እሱ ነው የከፋኝ።»

«ይቅርታ አባዬ» አልኩት።

«የማልችልበት ቀን መምጣቱ አይቀርም። ያን ቀን እኔ ራሴ አመጣልሻለሁ። እስከዚያ ሳትጠይቂኝ አትውሰጂብኝ» አለና ቁልፉን ተቀበለኝ። እናቴ ወንበሯ ላይ ወጣች። እኔን ጋራዡ በር ላይ ትተውኝ ቱላ ሄዱ፤ ቅዳሜ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ሁለት ዓመት ያህል ነዳ። አንዲት ጠብታ አልጠፋችም። ባለፈው ጥቅምት አንድ ሰኞ ጠዋት ግን በእግሩ እኔ ቤት መጣ። ላቡን በመሐረብ ጠረገ፣ ተቀመጠ፣ ቁልፉን ከኪሱ አውጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረው።

«አሁን ጥፋቱ የመኪናዋ አይደለም፣ የዓይኔ ነው» አለኝ። «ቅዳሜን ግን እንዳታስቀሩብን። አንቺ ትነጃለሽ፣ እኔና እናትሽ ከኋላ እንቀመጣለን።»

ለወንድሜ አልደወልኩም። ወንበሬን ስቤ አጠገቡ ተቀመጥኩና «አባዬ፣ ምን አየህ?» አልኩት። ነገረኝ። ከቅዳሜ ውጭ እንደዚያ ሲያወራ ሰምቼው አላውቅም። እስኪጨርስ ድረስ ቁልፉን አልነካሁትም።